ማሽኑ ወይስ ወንበሩ? ለእናት አባቶቻችን ቴራፒ ስንመርጥ

እናቴ የዳሌዋ አጥንት ተሰብሮ ኦፕሬሽን ከተደረገላት በኋላ ሁለት ወር ሙሉ በሳምንት ሶስቴ አንድ ቴራፒ የሚሰጥ ቦታ አመላለስኳት። አልጋ ላይ ትተኛለች፣ ወገቧና ጭኗ ላይ የሚያሞቅ ነገር ይደረግላታል፣ ከዛ በቀጫጭን ሽቦ የሚነዝር ትንሽዬ ማሽን ይለጠፍላታል፣ ከዛ ቅባት ተቀብታ ትታሻለች፣ አርባ ደቂቃ ሲሞላ «በሉ ጨርሰናል፣ ሀሙስ እንገናኝ» ይባላል። እሷ ደስ ይላታል፣ እንደውም አብዛኛውን ጊዜ እንቅልፍ ይወስዳታል፣ እኔም ውጪ ቁጭ ብዬ ስልኬን እየነካካሁ ህክምናዋን እያገኘች ነው እላለሁ። በሁለተኛው ወር መጨረሻ አካባቢ ግን አንድ ማታ ሳሎን ውስጥ ከወንበር ልትነሳ ስትል አየኋት፣ ሁለት እጇን መደገፊያው ላይ ተክላ ወደፊት ወደኋላ ሶስቴ ተወዛወዘችና አልሆን ሲላት «ና እስቲ ደግፈኝ» አለችኝ። ልክ ከሆስፒታል በወጣችበት ሳምንት እንደነበረችው። ደነገጥኩ።

ከዛ በኋላ ነው መጠየቅና ማንበብ የጀመርኩት። ሀኪም አይደለሁም፣ አስታማሚ ነኝ፣ ስለዚ ሀኪማችሁ የከለከለው ነገር ካለ እሱን ስሙ፣ በተለይ ኦፕሬሽን የተደረገ ከሆነ የተሰበረው እግር ምን ያህል ክብደት መሸከም እንደተፈቀደለት ሳትጠይቁ ምንም እንዳትጀምሩ። የቀረውን ግን አማራጮቹን እያነጻጸርኩ እነግራችኋለሁ፣ እኔ በሁለት ወር የከፈልኩትን እናንተ እንዳትከፍሉ።

መጀመሪያ፦ ሰውየው ይሰራል ወይስ ይሰራለታል?

ሰው ቴራፒ ሲመርጥ የሚያየው ህንጻውን፣ ማሽኑን፣ የሰራተኛውን ትህትና ምናምን ነው። እኔም እንደዛው ነበርኩ። አሁን ግን መጀመሪያ የማየው አንድ ነገር ነው፣ በዛች አርባ ደቂቃ ውስጥ የሚለፋው ማነው? ሙቀት፣ ማሳጅ፣ የሚነዝረው ማሽን፣ ለህመም የሚደረገው አልትራሳውንድ፣ እነዚ ሁሉ ታማሚው ተኝቶ የሚደረጉለት ናቸው። ከወንበር መነሳት፣ ደረጃ መውጣት፣ ላስቲክ መጎተት፣ በአንድ እግር መቆም ደሞ እሱ ራሱ የሚሰራቸው። መጀመሪያ የጠቀስኳቸው ምንም አይጠቅሙም እያልኩ አይደለም፣ ህመምን ለተወሰነ ሰአት ያስታግሳሉ፣ ህመሙ ቀለል ሲል ደሞ መንቀሳቀስ ይቻላል። ችግሩ እዛው ላይ ሲቆም ነው። ሙቀት ጡንቻ አይሰራም፣ ማሳጅም አይሰራም፣ ጡንቻ የሚሰራው ሲከብደው ብቻ ነው።

ጡንቻ እንዴት እንደሚጠፋ ሳነብ ነው ይበልጥ የከነከነኝ። በ2007 የታተመ አንድ ጥናት ላይ እድሜያቸው በአማካይ 67 የሆነ ጤነኛ ሰዎችን፣ ልብ በሉ ጤነኛ፣ 10 ቀን ሙሉ አልጋ ላይ አስተኟቸው፣ በ10 ቀን ከእግራቸው ብቻ ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ጡንቻ ሄደ። አስር ቀን እኮ ነው! የኛዎቹ ጉንፋን ይዟቸው የሚተኙት፣ ሆስፒታል የሚተኙት፣ «ትረፍ እንጂ አታድክማት» የምንባባለው ጊዜ ሁሉ ሂሳቡ እዚ ላይ ነው የሚወራረደው። በተቃራኒው ደሞ በ1990 የወጣ ሌላ ጥናት አለ፣ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ የሚኖሩ፣ አቅማቸው የደከመ፣ አማካይ እድሜያቸው 90 የሆነ 10 ሰዎችን ስምንት ሳምንት በሳምንት ሶስቴ ከበድ ያለ ክብደት በእግራቸው እንዲገፉ አደረጓቸው፣ የጨረሱት ሰዎች የእግር ጉልበት በአማካይ 174 ፐርሰንት ጨመረ። ዘጠና አመት! ከዛ በኋላ እኔ ቤት «አርጅታለች ምን ይደረግ» የሚል ሰው ሲመጣ ይሄንን ነው የምነግረው፣ አንዳንዱ ያምናል አንዳንዱ ይስቃል።

ስለዚ አንድ ቦታ ስትገቡ የምታዩት ይሄን ነው። ታማሚው ትንፋሹ ትንሽ ይፈጥናል ወይ? ቴራፒስቱ ባለፈው ሳምንት ስንት ጊዜ እንደሰራ ጽፎ ይዟል ወይ፣ ዛሬስ ጨመረለት? ቤት የሚሰራ ነገር ሰጥቶታል ወይ? የሶስቱም መልስ «አይ» ከሆነ፣ ታማሚው ደሞ እንደ እናቴ እንቅልፍ የሚወስደው ከሆነ፣ ለእረፍት ነው የምትከፍሉት። እረፍት ጥሩ ነው፣ ግን ቤትም ይገኛል በነጻ።

ፊዚዮ ነው ኦኪዩፔሽናል?

ይሄ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነው፣ ባጭሩ ልበለው። ፊዚዮቴራፒስት የሚያየው እግር፣ ጉልበት፣ ባላንስ፣ አረማመድ ነው። ኦኪዩፔሽናል ቴራፒስት የሚያየው ደሞ የእለት ተእለት ስራውን ነው፣ ልብስ መልበስ፣ ገላ መታጠብ፣ ቁልፍ መቆለፍ፣ ማንኪያ መያዝ፣ ሽንት ቤቱ ውስጥ መያዣ ብረት የቱ ጋር ቢገጠም ይሻላል የሚለውን ሳይቀር። አባታችሁ መራመድ ችሎ ሸሚዙን መቆለፍ ካቃተው ፊዚዮ ጋር ስታመላልሱት ብትከርሙ ቁልፉ አይቆለፍም። ሶስተኛው የንግግር ቴራፒስት የሚባለው ነው፣ ስሙ ያሳስታል እንጂ መዋጥንም የሚያዩት እነሱ ናቸው። ስትሮክ የመታው ሰው ውሃ ሲጠጣ የሚያስለው ከሆነ ወይም ከበላ በኋላ ድምጹ እርጥብ እርጥብ የሚል ከሆነ «ትን አለው» ብላችሁ አትለፉት፣ ምግቡ ወደ ሳንባ እየገባ ሊሆን ይችላል፣ ለሀኪሙ ንገሩ።

ማእከል ተኝቶ፣ እየተመላለሱ፣ ቤት ድረስ የሚመጣ ወይስ በቪዲዮ?

እዚ ላይ ነው ገንዘቡ የሚሄደው፣ እዚ ላይ ነው ቤተሰብም የሚጣላው። እህቴ «ተኝታ ትታከም» ትላለች፣ እኔ «ቤት ይሻላል»፣ ታናሽ ወንድማችን ደሞ ከርቀት ሆኖ በስልክ ሁሉንም ያውቃል።

እውነቱ ምን መሰላችሁ፣ እንደ በሽታው ይለያያል። ጉልበት ለተቀየረላቸው ሰዎች በ2017 የወጣ ጥናት አለ፣ 165 ሰዎች ነበሩ፣ ግማሾቹ 10 ቀን ማእከል ተኝተው ቴራፒ ወሰዱና ከዛ ቤታቸው ቀጠሉ፣ ሌሎቹ ቀጥታ ቤታቸው ሄደው የተሰጣቸውን ፕሮግራም ሰሩ፣ ከስድስት ወር በኋላ በስድስት ደቂቃ ምን ያህል እንደሚራመዱ ሲለካ ልዩነት አልነበረም። ስለዚ ለታቀደ የጉልበት ኦፕሬሽን፣ ሌላ የከፋ ነገር ለሌለበት ሰው፣ ተኝቶ መታከም የግድ አይደለም፣ ያ ገንዘብ ለሌላ ነገር ይሁን።

ስትሮክ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ብቻውን መቀመጥ የማይችል፣ ለማስነሳት ሁለት ሰው የሚፈልግ፣ እጁም ንግግሩም መዋጡም አንድ ላይ የተነካ ሰው ቡድን ነው የሚያስፈልገው፣ እዛ ላይ ማእከል ይሻላል፣ ደሞ ዋናው መሻሻል የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ወራት ስለሆነ ጊዜ ማባከን አይገባም። ጊዜ አታባክኑ ማለት ግን በነጋታው አስነስታችሁ አሩጡት ማለት አይደለም። በ2015 የታተመ 2104 ታማሚዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ላይ፣ በመጀመሪያው 24 ሰአት ውስጥ ጀምሮ በብዛት ከአልጋ እያስነሱ ማንቀሳቀስ ከተለመደው አጀማመር ይልቅ ከሶስት ወር በኋላ የባሰ ውጤት ነው ያመጣው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት መጠን የሚወስነው የስትሮክ ሀኪሙ ነው እንጂ የጓጓ ቤተሰብ አይደለም።

እየተመላለሱ መታከም ጥቅሙ እቃው ሙሉ መሆኑና ሰው ማየታቸው ነው፣ እናቴ እዛ የምታገኛቸው ሴትዮዎች ጋር የምታወራው ወሬ ራሱ መድሃኒት ነበር፣ ይሄን አልክድም። ጉዳቱ ደሞ መንገዱ። መኪና ውስጥ ገብቶ መውጣት፣ መጠበቅ፣ መመለስ፣ ቤት ስትደርስ ሞታለች፣ የዛን ቀን ሌላ ምንም አትሰራም።

ቤት ድረስ የሚመጣ ቴራፒስት እኛ በመጨረሻ የያዝነው ነው። ልጅቷ መጀመሪያ ቀን ምንም ማሽን አላመጣችም፣ ሰአት ያላት ስልክና አንድ ላስቲክ ብቻ። ቁጭ አለችና «እማማ፣ ምን ማድረግ ነው የናፈቀዎት?» አለቻት። እናቴ ትንሽ አፈረችና «ሌሊት ማንንም ሳልቀሰቅስ ሽንት ቤት መሄድ» አለች። ሁለት ወር ሙሉ ይሄን የጠየቃት ሰው አልነበረም፣ እኔንም ጨምሮ። ልጅቷ ተነስታ ከአልጋዋ እስከ ሽንት ቤቱ ያለውን እርምጃ ቆጠረች፣ መሀል ላይ ያለችውን ትንሽ ምንጣፍ ጠቅልላ ጥግ ላይ አስቀመጠች፣ የሽንት ቤቱ መቀመጫ ዝቅተኛ መሆኑን አየች፣ ከዛ ተመልሳ ሳሎን ያለው ጠንካራ ወንበር ላይ ብርድ ልብስ አራት ቦታ አጥፋ ከፍ አደረገችውና «ከዚህ ያለ እጅ ይነሱልኝ» አለቻት። ከፍ ስላለ ተነሳች። በየሳምንቱ አንድ እጥፋት እየቀነስን መጣን። ይሄው ነው ቴክኖሎጂው።

ማእከል ውስጥ ማንም ምንጣፉን አያይላችሁም። በሌላ በኩል ቤት የሚመጣው ሰው ውድ ነው፣ ስለዚ እኛ ያደረግነው ቀኑን አሳንሰን የቤት ስራውን ማብዛት ነው፣ በሳምንት አንዴ ትመጣለች፣ ሌላውን ቀን እኔና እናቴ እንሰራለን። የማይሰራ ቤተሰብ ከሆናችሁ፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ፣ ቀጠሮ ያለበት ቦታ ይሻላችኋል።

ቪዲዮ ለክትትል ጥሩ ነው፣ አንዴ በአካል ታይቶ ፕሮግራሙ ለተሰጠው ሰው፣ አጠገቡ የሚቆም ሰው ካለ። ብቻውን ለሚኖር፣ ለሚንገዳገድ ሰው ባላንስ በስልክ ማስለመድ ግን አይዋጥልኝም፣ ቢወድቅ ስክሪኑ አይይዘው።

«እግር ጉዞ አድርጉ» ይበቃል?

ሁሉም ሰው የሚመክረው ይሄን ነው፣ ሀኪሙም ጎረቤቱም። እግር ጉዞ ለልብ፣ ለስኳር፣ ለስሜት፣ ለእንቅልፍ በጣም ጥሩ ነው፣ የአለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይላል፣ መካከለኛ ማለት እያወራችሁ መሄድ የምትችሉበት ግን መዝፈን የሚያቅታችሁ ፍጥነት ማለት ነው። ሰው እዚ ድረስ ያነብና ያቆማል። መመሪያው ግን ይቀጥላል፣ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር፣ እድሜው 65 ላለፈ ደሞ በሳምንት 3 ቀን ባላንስና ጉልበት አንድ ላይ የሚሰራ እንቅስቃሴ ይጨምርበታል።

ለምን ካላችሁ መውደቅ ነው ነገሩ። በአለም ላይ በየአመቱ ወደ 684,000 ሰው በመውደቅ ይሞታል፣ አብዛኞቹ ትልልቅ ሰዎች። በ2019 የወጣ፣ 108 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ግምገማ እንዳለው በጥቅሉ እንቅስቃሴ መውደቅን 23 ፐርሰንት ይቀንሳል፣ ታይ ቺ የሚባለው የቻይናዎች ዝግ ያለ እንቅስቃሴ ብቻውን ወደ 19 ፐርሰንት፣ ባላንስና ጉልበት ተቀላቅለው ሲሰሩ ደሞ 34 ፐርሰንት። እግር ጉዞ ብቻውን ግን መውደቅን እንደሚቀንስ ማሳየት አልተቻለም። ነገሩ ግልጽ ነው ስታስቡት፣ የሚንገዳገድ ሰው ብዙ ሲራመድ የሚወድቅበትም እድል ይበዛል፣ መጀመሪያ መንገዳገዱ ነው መስተካከል ያለበት።

የቱ እንደጎደለ ለማወቅ ቤት ውስጥ የሚሰሩ ሶስት ነገሮች አሉ፣ አጠገባቸው ቁሙ ብቻ፣ ወንበሩንም ግድግዳ አስደግፉት።

አንደኛው የወንበሩ ነው። የእጅ መደገፊያ የሌለው ወንበር፣ እጅ ደረት ላይ ተጣምሮ፣ በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ ሙሉ ለሙሉ ተነስቶ ይቀመጣል? በእጁ ከተደገፈ ዜሮ ነው። ሰላሳው ሰከንድ ሲያልቅ ከግማሽ በላይ ተነስቶ ከሆነ ያቺ እንደ አንድ ትቆጠራለች፣ ይቺን ህግ ያዙልኝ። ከ65 እስከ 69 ላለ ወንድ ከ12 በታች፣ ለሴት ከ11 በታች ከሆነ ጉልበት ጎድሏል ማለት ነው። ከ75 እስከ 79 ለወንድ ከ11፣ ለሴት ከ10። ከ80 እስከ 84 ለወንድ ከ10፣ ለሴት ከ9። ሁለተኛው ባላንስ ነው፣ አንዱን እግር ከሌላው ፊት ተረከዝና ጣት አነካክቶ እንደ ገመድ ላይ መቆም፣ 10 ሰከንድ ካልሞላ አሳሳቢ ነው። ሶስተኛው ከወንበር ተነስቶ 3 ሜትር ሄዶ ዞሮ ተመልሶ መቀመጥ፣ ሁልጊዜ በሚሄድበት ፍጥነት፣ 12 ሰከንድና ከዛ በላይ ከወሰደ የመውደቅ ስጋት አለ።

እንግዲህ ምርጫው ከዚ ይነሳል። የወንበሩ ፈተና ያቃተው ሰው ጉልበት ይስራ፣ የገመዱ ያቃተው ባላንስ፣ ሁሉንም ያለፈና ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልክ ደሞ እግር ጉዞ (ማለክለኩ አዲስ የመጣ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሀኪም)። ሁሉም ያቃተው ከወንበሩ ይጀምር፣ እኔ እንደዛ ነው የማስበው፣ ምክንያቱም ከወንበር መነሳት ያልቻለ ሰው ሌላውን ለመስራትም ሰው መጠበቁ ነው።

ጂም ወይስ ላስቲክ ወይስ የራስ ክብደት የሚለው ብዙ አያጨቃጭቅ፣ ጡንቻ ላስቲኩን ከብረቱ አይለይም፣ ዋናው እየከበደ መሄዱ ነው። አስር ጊዜ ሰርቶ ሌላ አስር መጨመር የሚችል ሰው ቀሎታል፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሶስቱ ፊት ማጨማደድ አለባቸው። ሮዝ ቀለም ያላትን ቀላሏን ላስቲክ ለሁለት አመት የሚጎትቱ ሰዎች አውቃለሁ።

የውሃ ውስጥ እንቅስቃሴ ጉልበቱ በጣም ለሚያመው ሰው ግሩም ነው፣ እስከ ወገብ ውሃ ውስጥ ሲቆሙ እግር የሚሸከመው ክብደት ወደ ግማሽ ይወርዳል። ግን ሌሊት ሽንት ቤት የሚኬደው በደረቅ መሬት ነው፣ ስለዚ መጀመሪያ ውሃ፣ ከዛ ወደ መሬት መውጣት። ደሞ ገንዳው ዳር ያለው ሴራሚክ! ተንሸራታች ጫማ እንዳይረሳ።

ህመምስ? ለአንጓ ብግነት፣ ለሚያመው ጉልበት፣ ቴራፒስቶች የሚሉት ከ0 እስከ 10 ብትሰጡት እስከ 5 ድረስ እየሰሩ መታገስ ይቻላል፣ በነጋታው ወደነበረበት የሚመለስ ከሆነ። ካልተመለሰ በዝቷል፣ ቀንሱ እንጂ አታቁሙ። ደረት ላይ የሚጫን ህመም፣ ማዞር፣ ወይም ከኦፕሬሽን በኋላ የአንድ እግር ባት ብቻ ማበጥና መሞቅ ግን ከዚ ሂሳብ ውጪ ነው፣ እሱን ይዛችሁ ቀጥታ ሀኪም ጋር፣ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል።

ከዘራ ወይስ ዎከር

ከዘራ የሚያዘው ከታመመው እግር በተቃራኒ ባለው እጅ ነው። ቀኝ እግር ካመመ በግራ እጅ። ይሄን ለስንት ሰው እንዳስረዳሁ! እናቴን መንገድ ላይ ያገኛት ሁሉ «በታመመው በኩል ያዥው እንጂ» ይላታል፣ እሷም ሰው ስለምታከብር ትቀይራለች፣ እኔ ስመጣ መልሼ አቀይራታለሁ። ስንራመድ የታመመው እግር ወደፊት ሲሄድ ተቃራኒው እጅ ነው አብሮት የሚሄደው፣ ከዘራው እዛ ሲሆን ዳሌው ላይ የሚያርፈውን ጫና ይካፈላል። ቁመቱ ደሞ ቀጥ ብለው ቆመው እጅ ወደ ታች ሲንጠለጠል የእጅ አንጓ ላይ ያለችው መስመር ጋር መድረስ አለበት፣ ያኔ ሲይዙት ክርን ትንሽ ይታጠፋል። ከሟች ዘመድ የተወረሰ ከዘራ አብዛኛውን ጊዜ ይረዝማል፣ ትከሻ አንጠልጥሎ ያስኬዳል፣ ይቆረጥ። ጫፉ ላይ ያለችውን ጎማ ገልብጣችሁ እዩ፣ ቅርጿ ተልጦ ልስልስ ካለች እንደ ያለቀ የመኪና ጎማ ናት፣ በጣም ርካሽ ነገር ነው፣ ቀይሩት። ደረጃ ላይ ሲወጡ ደህናው እግር ይቀድማል፣ ሲወርዱ የታመመው።

ዎከር፣ ፊት ለፊት አድርገው በሁለት እጅ የሚይዙት ባለ አራት እግር መደገፊያ፣ የሚያስፈልገው አንድ ከዘራ የማይበቃው ሰው ነው፣ ሁለቱም እጅ ድጋፍ የሚፈልግ። ጎማ የሌለው በጣም የተረጋጋ ነው ግን በየእርምጃው ማንሳት አለ፣ ፊት ላይ ሁለት ጎማ ያለው ለብዙ ሰው መሀለኛ ነው። ባለ አራት ጎማው፣ ፍሬንና መቀመጫ ያለው፣ ቶሎ ለሚደክመው ሰው ነው እንጂ ክብደቱን ለሚጥልበት ሰው አይደለም፣ ሲደገፉት ይሮጣል። ብዙ ቤተሰብ ቆንጆ ስለሆነ እሱን ይገዛል። ሳይገዛ በፊት ቴራፒስት ይሞክራቸው።

ምግብና እንክብል

ቶሎ ልለፈው። ጡንቻ የሚሰራው ከፕሮቲን ነው፣ ለትልልቅ ሰዎች የሚመከረው በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ነው፣ 60 ኪሎ የሆነች እናት ከ60 እስከ 72 ግራም ማለት ነው፣ ከታመሙ በኋላ ከዛም ሊበልጥ ይችላል። አንድ እንቁላል 6 ግራም አካባቢ፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም አካባቢ ነው፣ ስትደምሩት የኛ ሰዎች ምን ያህል እንደሚጎድላቸው ታያላችሁ። ማታ ላይ ብቻ ከማከማቸት በየምግቡ ማከፋፈል ይሻላል። የኩላሊት ህመም ያለበት ሰው ግን ሀኪሙን ሳይጠይቅ እንዳይጨምር። የፕሮቲን ዱቄቱ ምግብ መብላት ላቃተው ሰው ይጠቅማል፣ ለሚበላ ሰው ምግቡ ይበቃል።

ቫይታሚን ዲ ተመርምሮ ያነሰበት ሰው ይውሰድ። እጥረት አለባቸው ተብለው ያልተመረጡ ከ25,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት በ2022 የወጣ ጥናት ላይ ግን ስብራትን አልቀነሰም፣ ስለዚ እንክብሉን ውጠው ወንበሩን እንዳይተዉት።

ደሞ መድሃኒቶቹን አንድ ላይ በፌስታል ይዛችሁ ለሀኪም አሳዩ፣ በተለይ የእንቅልፍ ኪኒን ካለ፣ ሌሊት የሚያስወድቀው እሱ ሊሆን ይችላል። ከተኙበት ሲነሱ የሚያዞራቸው ከሆነ ግፊታቸውን ተኝተው ለኩና ከቆሙ በኋላ በሶስት ደቂቃ ውስጥ ድጋሚ ለኩ፣ የላይኛው ቁጥር 20 ወይም የታችኛው 10 ከወረደ ይነገር። ለቅርብም ለሩቅም የሚሆነው ባለ ሁለት መነጽር ደረጃ ሲወርዱ እግራቸው ስር ያለውን ያደበዝዝባቸዋል። ጆሮ መስማት ሲያቅት ሰው ከቤት መውጣት ይተዋል፣ መውጣት ሲተው እግሩ ይደክማል፣ ስለዚ የጆሮ ምርመራም ከቴራፒው ጋር ይቆጠር።

እናቴ አሁን 78 ናት። ብርድ ልብሱ ከወንበሩ ላይ ከተነሳ ቆይቷል፣ ሌሊትም ማንንም አትቀሰቅስም፣ እኔ ግን በሯ ሲከፈት እሰማለሁ፣ ልማድ ሆኖብኝ። በየወሩ መጀመሪያ እሁድ ሰላሳ ሰከንዱን እለካላትና ፍሪጅ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ላይ እጽፈዋለሁ፣ መጀመሪያ ጊዜ ዜሮ ነበር፣ ከዛ 4፣ 6፣ 6፣ 7። ባለፈው እሁድ ሰአቱ ሲጮህ 9 ብዬ ልጽፍ ስል እስክሪብቶውን ያዘችብኝ።

«አስረኛዋስ?»

«አልጨረስሻትም እማዬ።»

«ከግማሽ በላይ ተነስቼ ነበር፣ ህጉን ያስተማርከኝ አንተ ነህ» አለችና 10 ብላ ራሷ ጻፈችው።